ቁጣውን የሚያበርደው ማን ነው?

ልጅ ሳለሁ በርበሬ በሚቀነጠስበት ሰሞን ከእናቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ አግዛት ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጣቶቼ መለብለብ ይጀምራሉ፤ ሳላስበው ዓይኔን አሻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ለቅሶና ውሃ ነው። እሷ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ስትቀነጥስ፣ ስታሰጣ፣ ድልሁን በባዶ እጇ ስታገላብጥ ትውልና ማታ በዚያው እጇ እንጀራ ትቆርስልኛለች። «አያቃጥልሽም?» ስላት መልሷ አንድ ነበር፦ «ለመድኩት፣ ልጄ።»

መልመድ ምንድን ነው? ቆዳዋ ደንድኖ ነው እንዳልል መርፌ ሲወጋት «ውይ!» ትላለች። ልጅ ትኩሳት ሲይዘው ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው ያው መዳፏ ነው። ታዲያ የበርበሬውን መልእክት ለይቶ ዝም ያሰኘው ማን ነው? ሳድግ ለካስ አንድ ሙሉ የምርምር ዘርፍ ከዚሁ ጥያቄ አጠገብ ቆሟል። ደስ አለኝ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ተናደድኩ። ዘርፉ የቆመው ጥግ ላይ ነው፤ መድረኩን የያዘው ሌላ ጥያቄ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በሌላ የበርበሬ አገር፣ በሃንጋሪ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በሴገድ ከተማ የሠራው ሚክሎሽ ያንቾ የበርበሬን ለብላቢ ንጥረ ነገር፣ ካፕሳይሲንን፣ ለእንስሳት ደጋግሞ ሰጠ። ነርቮቻቸው መጀመሪያ ተቃጠሉ። ከዚያ በኋላ ግን የሚለበልብ ኬሚካል ምንም የማይሰማቸው ሆኑ፤ መነካትን ግን አልረሱም። የእናቴ እጅ ማለት ነው። ያንቾ በ1966 ሞተ። በተከታዩ ዓመት እሱና ባልደረቦቹ የጻፉት ጥናት ሲታተም ደግሞ ሌላ ነገር ታየ፦ ወደ ቆዳው የሚሄደው የስሜት ነርቭ ተቆርጦ ከሞተ፣ ሌላ ጊዜ ቆዳውን የሚያቀላውና የሚያሳብጠው የሰናፍጭ ዘይት ምንም አያደርገውም። ነርቭ ጉዳትን ለአንጎል የሚያወራ ሽቦ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ጫፉ ላይ የራሱን ኬሚካል እየረጨ ቁስሉን የሚያስቆጣው እሱ ራሱ ነው።

በአማርኛ ቁስል «ይቆጣል» እንላለን። የሕክምና መጻሕፍት «ብግነት» ይሉታል፤ እኔ ግን የእናቶቻችንን ቃል እመርጣለሁ። ቁጣ ካለ የሚያስቆጣ አለ፤ የሚያበርድም አለ። ሰው ሲቆጣ ሽማግሌ እንፈልጋለን። ቁስል ሲቆጣስ ሽማግሌው ማን ነው? ሕክምናችን ይህን ጥያቄ የጠየቀው ምን ያህል ጊዜ ነው?

በሃንጋሪ ጠይቀውታል። የያንቾ ተማሪና ባልደረባ የነበረው ያኖሽ ሶልቻኒ በፔች ከተማ ከዡዣና ሄየሽና ከሌሎች ጋር ሆኖ በ1998 ያሳተመው ሥራ አለ። የአይጥን አንድ እግር ነርቭ በኤሌክትሪክ ሲቀሰቅሱት ያ እግር ተቆጣ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ያልተጠበቀው ግን ከዚያ በኋላ ሌላኛውን እግር ለማስቆጣት ሲሞክሩ ቁጣው አነሰ። ከተቀሰቀሰው ነርቭ አንድ ነገር ወደ ደም ወጥቶ ሩቅ ያለውን ቦታ አብርዷል። ያ ነገር ሶማቶስታቲን ነበር፤ በደም ውስጥ መጠኑ ሲጨምር ለኩት፤ በፀረ እንግዳ አካል ሲይዙት ማብረዱም ጠፋ። ሶማቶስታቲን ከ14 አሚኖ አሲዶች የተሠራ አጭር ሰንሰለት ሲሆን በ1973 በካሊፎርኒያ በሮዤ ጊየማን ቤተ ሙከራ የተለየው ለሌላ ሥራው፣ የዕድገት ሆርሞንን በመግታቱ ነው። ከነርቭ ጫፍ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲገናኝ የካልሲየም በር ይጠብባል፣ የፖታሲየም በር ይከፈታል፣ ነርቩ የሚረጨው አስቆጪ ኬሚካል ያንሳል።

ያው የሚጮኸው ነርቭ ዝም የሚያሰኘውንም ይዟል። ይህን ሳነብ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ታዲያ ስለ ህመም የሚጻፍ መጽሐፍ ሁሉ ነርቭን እንደ ደወል ብቻ የሚስለው ለምንድን ነው? ደወልን ማን ያጠፋዋል ብሎ የሚጠይቅ ምዕራፍ ለምን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ፣ በሁለት ገጽ ይመጣል?

ዴቪድ ጁሊየስ በ1997 የካፕሳይሲንን ተቀባይ ለይቶ በ2021 ኖቤል ተሸልሟል። ይገባዋል፤ በርበሬና እሳት በአንድ በር እንደሚገቡ ያሳየ ሥራ ነው። ጥያቄዬ ስለ ሽልማቱ አይደለም። በዚያው በር የሚነሳው ጩኸት እንዴት እንደሚቆም የጠየቁትን ሰዎች ስም ከሕክምና ተማሪዎች መካከል ስንቱ ሰምቷል? የእሳቱ መግቢያ ሲታወቅ ዓለም አጨበጨበ፤ የማጥፊያውን ውሃ ምንጭ ያገኙትን ለምን አላየናቸውም?

አንድ ጊዜ ይህ አለማየት ብዙ ገንዘብ አስወጥቷል። «ሰብስታንስ ፒ» የሚባለውን አስቆጪ ሰንሰለት ኡልፍ ፎን ኦይለርና ጆን ጋደም በ1931 ከፈረስ አንጎልና አንጀት ነው ያወጡት። በ1990ዎቹ ትልልቅ የመድኃኒት ኩባንያዎች ተቀባዩን የሚዘጋ መድኃኒት ሠሩ። በእንስሳት ላይ ተስፋ ሰጠ። ሰው ላይ ሲሞከር ህመምን አላስታገሰም። ከቤተሰቡ አንዱ በ2003 የተፈቀደው ለካንሰር ሕሙማን የማስመለስ መከላከያ ሆኖ ነው፤ ይህም ቀላል ጥቅም አይደለም። ሌላውን አስቆጪ፣ ሲጂአርፒን፣ የሚይዙ መርፌዎች ከ2018 ጀምሮ የማይግሬን ሕሙማንን ጠቅመዋል፤ ይህንንም መካድ አልሻም። ነገር ግን ያ የ1990ዎቹ ውድቀት ሲመጣ «ለምን አልሠራም?» ከሚለው ቀጥሎ «ከአስቆጪዎች አንዱን በመዝጋት ፈንታ አብራጆቹን ብናግዝስ?» የሚለው ጥያቄ ለምን ጮክ ብሎ አልተጠየቀም?

ስለ አብራጆቹ አልታወቀም ነበር እንዳይባል፣ ከሁሉም የታወቁት ከዚያ ሃያ ዓመት ቀድመው ተገኝተው ነበር። በ1973 በአሜሪካና በስዊድን ያሉ ሦስት ቡድኖች ኦፒየምና ሞርፊን የሚገናኙበት ተቀባይ አንጎል ውስጥ እንዳለ አሳዩ። ተፈጥሮ ለአበባ ጭማቂ ብላ በሰው አንጎል ውስጥ ቦታ አታዘጋጅም፤ ስለዚህ ቦታው የተዘጋጀለት የቤት ልጅ መኖር አለበት። በ1975 ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ በስኮትላንድ፣ በአበርዲን፣ ከእርድ ቤት ከመጣ የአሳማ አንጎል ኤንኬፋሊን የተባሉትን ሁለት ሰንሰለቶች አወጡ፤ እያንዳንዳቸው አምስት አሚኖ አሲድ ብቻ ናቸው። ቾህ ሃኦ ሊ ደግሞ በካሊፎርኒያ ከግመል ፒቱታሪ ዕጢ 31 አሚኖ አሲድ ያለውን ቤታ ኢንዶርፊን ለየ። ግመል ሲነሳ ሁልጊዜ አፋርና ቦረና ይታወሰኛል፤ ያ በረሃ የሚያቋርጥ እንስሳ የህመም ማብረጃውን በራሱ ውስጥ ተሸክሞ ይሄዳል።

ያን ጊዜ የነበረው ተስፋ ሱስ የማያስይዝ ሞርፊን ይገኛል የሚል ነበር። ተገኘ? ኤንኬፋሊን ከወጣበት ቦታ ሳይርቅ በደቂቃዎች ውስጥ ኤንዛይም ይቆራርጠዋል። ተመራማሪዎች ይህን እንደ ድክመት ቆጠሩት፤ «አይቆይም፣ መድኃኒት ሊሆን አይችልም» ተባለ። እኔ የምጠይቀው ተቃራኒውን ነው። ምናልባት ጥበቡ ያለው አለመቆየቱ ላይ ቢሆንስ? ሰውነት ማብረጃውን በጥቂቱ፣ በተፈለገበት ቦታ ያፈስሳል፤ ወዲያው ያነሳዋል። ነርቩ ነገ እንደገና እንዲሰማው የሚያደርገው ይህ ልክ አይደለምን? ተቀባዩ ቀንና ሌሊት ሲደበደብ ምላሹ እንደሚደክም ከታወቀ ዘመን የለውም።

ታዲያ ኢንዱስትሪው ከዚህ ምን ተማረ? በ1996 ፐርዱ ኩባንያ የሞርፊን ዘመድ የሆነውን ኦክሲኮንቲንን ገበያ ላይ አዋለ። መመኪያው አሥራ ሁለት ሰዓት ይቆያል የሚል ነበር። የመድኃኒቱ መግለጫ ወረቀትም ቀስ ብሎ ወደ ሰውነት መግባቱ አላግባብ መጠቀምን ይቀንሳል ተብሎ እንደሚታመን ጽፎ ነበር። ማን ነበር ያመነው? በምን ማስረጃ? ሱስ ብርቅ ነው ለማለት ሲጠቀስ የኖረው በ1980 በአንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ የአምስት ዓረፍተ ነገር ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው የሚያወራው ሆስፒታል ተኝተው ሲታከሙ ስለነበሩ ሰዎች እንጂ ኪኒን ይዘው ቤታቸው ስለሚሄዱ አልነበረም። በ2017 ሲቆጠር ግን 608 ጊዜ ተጠቅሷል። ከጠቀሱት መካከል ስንቱ ደብዳቤውን አንብቦታል? ፐርዱ በ2007ም በ2020ም በፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኗል። አምስቱን ዓረፍተ ነገር ሳያነቡ የጠቀሱት ግን ፊት ቀርበው አልተጠየቁም።

በርሊን ውስጥ የሠራው ክሪስቶፍ ሽታይን ሌላ መንገድ ነበር ያየው። ነጭ የደም ሕዋሳት ቤታ ኢንዶርፊንን ተሸክመው ወደተቆጣው ቦታ እንደሚሄዱና እዚያ እንደሚያፈስሱት አሳየ። እስቲ ይህን ቀስ ብለን እናስበው። ቁስሉን ለማጽዳት የመጣው ጦር በስንቁ ውስጥ ማስታገሻ ይዟል። እብጠቱን ያመጣውና ህመሙን የሚያቀልለው ያው ሠራዊት ነው። በ1991 ሽታይንና ባልደረቦቹ የጉልበት ቀዶ ሕክምና ለተደረገላቸው ሰዎች 1 ሚሊግራም ሞርፊን መገጣጠሚያው ውስጥ ሰጡ፤ ያው መጠን በደም ሥር ከሚሰጠው የተሻለ አስታገሰ። የሞርፊንን ተቀባይ የሚዘጋው ናሎክሶን እዚያው ጉልበት ውስጥ ሲጨመር ጥቅሙ ጠፋ። ማስታገሻው የሚሠራው አንጎል ውስጥ ብቻ ሳይሆን በተጎዳው ቦታም ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በሌሎች ቦታዎች የተደረጉት ሙከራዎች ውጤት ወጥ አይደለም፤ ይህ ግን ጥያቄውን ያጠነክረዋል እንጂ አይዘጋውም።

እንግዲህ ቁጣን ሁሉ ጠላት አድርገን፣ ትንሽ ቀላ ባለ ቁጥር ለማጥፋት ስንሮጥ፣ ከእሱ ጋር የሚመጣውን ማብረጃ ምን እናደርገው ይሆን? የበሽታ መከላከያ ሕዋሳታቸው እንዲዳከም በተደረጉ አይጦች የተቆጣው ቦታ ላይ ያለው ይህ የራስ ማስታገሻ ቀንሷል። ሰው ላይ ይህን በቁም ነገር የጠየቁት ጥቂቶች ናቸው። የሽታይን ቡድን በ2017 የተቆጣ ሥጋ አሲድነት ባለበት ብቻ የሚሠራ፣ ጤነኛ ቦታ ላይ ዝም የሚል የኦፒዮይድ (የሞርፊን ወገን የሆነ ማስታገሻ) ዓይነት በአይጦች ላይ አሳይቷል። ሐሳቡ ከሰውነት ልክ የተቀዳ ነው፦ በቦታው፣ ለጊዜው። ኦክሲኮንቲን ከተሸጠ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ መምጣቱ አያሳዝንም? የኤንኬፋሊንን መቆራረጥ የሚያዘገይ መድኃኒትም ቢሆን አለ፤ ራሴካዶትሪል ይባላል፤ በፈረንሳይና በሌሎች አገሮች የሚታዘዘው ግን ለተቅማጥ ነው። ለአንጀት የታሰበው ለጉልበት ያልታሰበው ለምንድን ነው?

ይህን ስል «አብራጅ» የሚለውን ስም እንደ መልአክ ስም አልወስደውም። በ1995 ሁለት ቡድኖች አንድ አዲስ ሰንሰለት አገኙ። አንደኛው አይጦችን ለህመም ይበልጥ እንዲነቁ ሲያደርጋቸው አይቶ «ኖሲሴፕቲን» አለው፤ ህመም አምጪ እንደማለት ነው። በሌላ ቦታና በሌላ መጠን ሲሞከር ህመምን ሲገታ ተገኘ። ሌላው የሰውነት ሰንሰለት፣ ዳይኖርፊንም፣ እንዲሁ ነው፤ አንድ ጊዜ ያስታግሳል፣ ነርቭ ሲጎዳና ሲበዛ ያባብሳል። ስም ያወጡት ሰዎች አንድ ሙከራ አይተው ባሕርይ ሰጡት። የሰውን ጠባይ በአንድ ቀን ውሎው የሚፈርድ ጎረቤት እንታዘባለን፤ ሳይንስ ሲያደርገው ለምን እናልፈዋለን?

ኢንዶርፊን የሚለው ቃል ደግሞ ዛሬ በሬዲዮም በስፖርት ቤትም ይወራል። ሩጥ፣ ኢንዶርፊን ይፈስልሃል፣ ህመምህ ይጠፋል። በእንጦጦ ዳገት ጎህ ሳይቀድ የሚሮጡትን ልጆች ያየ ሰው ወሬውን ለማመን ይቸኩላል። ነገር ግን ሲሮጡ በደም ውስጥ የሚጨምረው ቤታ ኢንዶርፊን ከደም ወደ አንጎል በቀላሉ አያልፍም። በ2008 በጀርመን በ10 ሯጮች አንጎል ላይ በምስል የታየው ከሁለት ሰዓት ሩጫ በኋላ አንጎል ውስጥ ኦፒዮይድ እንደሚወጣ ያመለክታል፤ በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የኦፒዮይድ ተቀባዮች ተዘግተውም የሯጮች ደስታ እንዳልጠፋ አገኘ። ነገሩ ገና አልተቋጨም። ታዲያ ወገቡ የሚያመውን ሰው «ተንቀሳቀስ፣ ሰውነትህ ራሱ መድኃኒት ያመርታል» ብሎ የሚያሰናብተው አሠልጣኝ ይህን እርግጠኝነት ከየት አመጣው?

ከዚህ ሁሉ በላይ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን የዚህ እውቀት ክፉ ንባብ ነው። ሰውነት ህመሙን ሲገታ የምናየው ዝምታ ነው። ዝምታን እንዴት እናነባለን?

አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ቢቸር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጣሊያን ግንባር የቆሰሉ ወታደሮችን ጠይቆ በ1946 ጻፈ፦ ከባድ ቁስል ካላቸው መካከል አብዛኞቹ ማስታገሻ አልፈለጉም። ሰዎቹ ተጠይቀው ነው የመለሱት፤ እዚህ ላይ ነው ክብሩ። አልጮሁም ብሎ አልደመደመም፤ ሄዶ ጠየቃቸው። በተቃራኒው እስከ 1980ዎቹ ድረስ አራስ ሕፃናት በብዙ ሆስፒታሎች በቂ ማደንዘዣ ሳይሰጣቸው በቀዶ ሕክምና ይከፈቱ ነበር። ነርቫቸው አልበሰለም፣ አይሰማቸውም፣ አያስታውሱትም ተባለ። ካንዋልጂት አናንድና ባልደረቦቹ በ1987 ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ሰውነት በማደንዘዣ እጥረት እንዴት እንደሚናወጥ በሆርሞን ለክተው እስኪያሳዩ ድረስ ስንት ሕፃን ተቀድዷል? ማስረጃ ማምጣት የነበረበት ያሳመመው ነው ወይስ የታመመው?

እኛ ጋ ደግሞ «ቻይው» አለ። በማዋለጃ ክፍል፣ በቁስል መጥረጊያ ክፍል፣ በአጥንት ማሰሪያ ክፍል። በአንድ ሆስፒታል የተቃጠለ እግሯ ሲታጠብ ከአጠገቧ የቆምኩላት አክስቴ ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳ ማርያምን ስትጠራ የሰማኋት በሹክሹክታ ነበር። ነርሷ «ጎበዝ፣ ጠንካራ ኖት» አለቻት። ደግ ሴት ነበረች፤ ከልቧ ነው ያመሰገነቻት። ማስታገሻ ግን አልመጣም፤ አክስቴም አልጠየቀችም፤ የሚጠየቅ መሆኑንም የነገራት የለም። ጀግንነቷ መድኃኒቷን አስቀረባት።

በ1978 በካሊፎርኒያ ጆን ሌቪንና ባልደረቦቹ ጥርሳቸውን ለተነቀሉ ሰዎች መድኃኒት የሌለበት መርፌ ሰጡ። ከመካከላቸው የቀለላቸው ነበሩ። ናሎክሶን ሲጨመር ግን ያ ማስታገስ ተሸረሸረ፤ ተስፋቸው የራሳቸውን ኢንዶርፊን አስነስቶ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ የነርስ ቃል ኬሚካል ያስነሳል። «ማስታገሻው እየመጣ ነው፣ አይዞዎት» ማለትና «ቻይው» ማለት በነርቭ ላይ አንድ ናቸው? የመጀመሪያው ቃልስ መድኃኒቱ በእርግጥ ካልመጣ ስንት ጊዜ ይሠራል? በሁለተኛው ቀን የሚያምነው ማን ነው?

መድኃኒቱ ለምን እንደማይመጣ ደግሞ ቁጥሩ ይናገራል። በ2017 በላንሴት መጽሔት የወጣ የባለሙያዎች ሪፖርት እንዳሰፈረው በዓለም በዓመት ከሚከፋፈለው በሞርፊን ልክ ከተሰላ 298.5 ቶን ኦፒዮይድ ለድሃ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ነው። ኢትዮጵያ በዚያ ኢምንት ውስጥ ናት። አንዱ አገር በትርፉ ሲቀብር፣ ሌላው በማጣቱ ጥርሱን ነክሶ ይሞታል። ስለ አሜሪካ ሱስ የተጻፈውን አንብቦ ለካንሰር ሕመምተኛ የአፍ ሞርፊን ለማዘዝ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሐኪም አለ፤ ፍርሃቱን አልንቅም። ግን የፈራው የማን አገር በሽታ ነው? በፊቱ የተኛችው ሴት በሽታ ነውን?

የእናቴ እጅ አሁን አርጅቷል። በርበሬ አይለበልበውም፤ ግን መገጣጠሚያዎቹ አብጠው ይቆጣሉ፤ ጧት ጧት ጣቶቿ አይታጠፉም። ያ ለብላቢው ካፕሳይሲን ዛሬ ለመገጣጠሚያ ህመም ቅባት ሆኖ በሌሎች አገሮች ይሸጣል፤ 8 በመቶውም ለነርቭ ህመም በፕላስተር ይለጠፋል። ባለፈው ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር። ወጣቱ ዶክተር ወረፋ በዝቶበታል።

«እማማ፣ ያምዎታል?»

«ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዜር ይመስገን።»

ጻፈ። እኔ ከጎኗ ሆኜ አፌን ልከፍት ስል ቀጣዩ ታካሚ በሩን አንኳኳ። ወደ ቤት ስንመለስ ሻይ ቀዳሁላት። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ቀስ ብላ ወደ አፏ አመጣችው።